የማን ልጅ ነህ? ከሰቆጣ እስከ ፃግብጂ

ከላሊበላ ተነሥቶ ወደ ሰሜን የሚዘልቀው መንገድ ብልባላን ካለፈ በኋላ የምድሩ መልክ እየተለወጠ ይሄዳል። የላስታ አምባዎች ወደ ኋላ ይቀራሉ። ከፊት የሚታየው ተራራ በተራራ ላይ የተደራረበበት፣ ሸለቆው የጠለቀበት፣ ድንጋዩ ከአፈሩ የበዛበት አገር ነው። ይህ ዋግ ነው። በነሐሴ የመጣ መንገደኛ ተራራውን አረንጓዴ ለብሶ ያገኘዋል፤ በግንቦት የመጣ ደግሞ ያንኑ ተራራ ዐመድ መስሎ ያየዋል። በሁለቱም ወራት ያለፈ ሰው ግን «ይህ ሌላ ተራራ ነው» አይልም። ያው ነው፤ ልብሱን ለወጠ እንጂ።

ስለ ሰውስ እንዲሁ ማለት እንችላለን? ሰው ስሙ ቢለወጥ፣ የእናቱን ቋንቋ ቢያጣ፣ ከቤቱ ቢፈናቀል፣ ሹመቱ ቢወሰድበት፣ ሰውነቱ ቢደክም፣ በመጨረሻም የገዛ ልጆቹን ስም ቢረሳ፣ ያው የቀድሞው ሰው ነውን? «እኔ» ብዬ የምጠራው ማንነት የቆመው በምን ላይ ነው? ጥያቄው ፈላስፎች ብቻ የሚከራከሩበት አይደለም። ጡረታ የወጣ አባት በልቡ ይጠይቀዋል፤ በባዕድ አገር ያደገ ወጣት ይጠይቀዋል፤ የመርሳት ሕመም የያዛትን እናቱን የሚያስታምም ልጅ ሌሊት ሌሊት ይጠይቀዋል።

ውድ አንባቢያን፣ ይህን ጥያቄ ይዘን በዋግ እንጓዝ። ብዙ ነገር የተለወጠበት፣ ብዙ ነገርም ጸንቶ የቆየበት አገር ስለ ሆነ ለጥያቄያችን ጥሩ መምህር ይሆነናል።

ሁለት ቋንቋ ያለው ገበያ

ሰቆጣ የዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አስተዳደር ዋና ከተማ ናት። በገበያዋ መካከል የሚያልፍ እንግዳ ሁለት ቋንቋ ይሰማል። አንዱ አማርኛ ነው፤ ሌላው ኽምጣና። ኽምጣና ከአገው ቋንቋዎች አንዱ ነው፤ በአዊ የሚነገረው አውንጊ፣ የኤርትራው ብሊንና የቅማንት ቋንቋ እኅቶቹ ናቸው። ወገኑ ከኩሻውያን ቋንቋዎች ስለ ሆነ ከሴማዊው አማርኛ ይለያል። ሆኖም የቋንቋ ሊቃውንት አማርኛ ራሱ ከአገው ቋንቋዎች ብዙ እንደ ወረሰ ይናገራሉ። በጉርብትና፣ በጋብቻና በገበያ ብዙ ዘመን አብረው ኖረዋልና።

በገበያው ጥግ የተቀመጡ ሽማግሌ እንግዳ ሲቀርባቸው አስቀድመው የሚጠይቁት «ማን ትባላለህ?» ብለው አይደለም፤ «የማን ልጅ ነህ?» ብለው ነው። የአባት ስም፣ የአያት ስም፣ የቀዬ ስም ከተነገረ በኋላ ነው የራስ ስም ቦታውን የሚያገኘው። ይህ በአገራችን ገጠር ሁሉ የታወቀ ወግ ነው። ጥያቄውን በልባችን እንያዘው፤ ኋላ እንመለስበታለን።

በዋግ አያት ኽምጣና የሚናገሩባቸው፣ አባትና እናት ሁለቱንም የሚያውቁባቸው፣ ልጆች ግን አማርኛ ብቻ የሚናገሩባቸው ቤቶች አሉ። ቋንቋው ዛሬ በትምህርት ቤት ቢሰጥም፣ በየዓመቱ ከነሐሴ 16 ጀምሮ ልጃገረዶች ሻደይ የተባለውን ቅጠል በወገባቸው አስረው ቢጨፍሩም፣ የእለት ተእለቱ ንግግር በብዙ ቤት ወደ አማርኛ አዘንብሏል። ታዲያ የልጅ ልጁ ማን ነው? አገው ነው ወይስ አማራ? በእኛ ዘመን እንዲህ ያለው ጥያቄ ከወግነት አልፎ ደም ያፋሰሰ ጥያቄ ሆኗል።

መጽሐፍ ቅዱስ ቋንቋና ስም የተለወጠበትን አንድ ወጣት ያሳየናል። ዳንኤል ወደ ባቢሎን በተማረከ ጊዜ የከለዳውያንን ቋንቋ ተማረ፤ ብልጣሶር የሚል ስምም ወጣለት (ዳን. 1፥4-7)። ስሙን ለወጡበት፤ ቋንቋውን ለወጡበት፤ ማዕዱንም ሊለውጡበት ፈለጉ። የማን እንደ ሆነ ግን በልቡ ቆርጦ ነበርና ያን ሊለውጡበት አልቻሉም። ዕድሜው ከገፋ በኋላም፣ በሌላ ንጉሥና በሌላ መንግሥት ዘመን፣ መስኮቱን ወደ ኢየሩሳሌም ከፍቶ ይጸልይ የነበረው ያው ዳንኤል ነው (ዳን. 6፥10)።

ይህን ስንል ቋንቋና ወገን ከንቱ ናቸው ማለታችን አይደለም። ዮሐንስ በራእይ በበጉ ፊት ያየው ሕዝብ ከነገድ፣ ከወገንና ከቋንቋ ሁሉ የተውጣጣ ነበር (ራእ. 7፥9)። በዙፋኑ ፊት እንኳ ቋንቋዎቹ ታወቁ፤ ነገዶቹም ተለዩ። በእግዚአብሔር ፊት የከበረውን ኽምጣናን ለልጁ የሚያስተምር አባት ከመንፈሳዊነት አልጎደለም። ክፋቱ የሚመጣው ስጦታውን የሰጪው ዙፋን ላይ ስናስቀምጠውና ከእኛ ቋንቋ ውጭ ያለውን ሰው እንደ ሰው ማየት ስንተው ነው።

ሹመት ሲመጣና ሲሄድ

የዋግ ገዥዎች ዋግሹም ይባሉ ነበር። የዘር ሐረጋቸው ከዛጉዌ ነገሥታት እንደሚመዘዝ ይነገራል። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዙፋኑ ወደ ሌላ ቤት ሲዛወር ዋግ በእነርሱ እጅ ቀረ፤ በብር ወንበር የመቀመጥና የብር ነጋሪት የማስመታት ክብር እንደ ነበራቸውም ትውፊቱ ያወሳል።

ከእነርሱ መካከል የዋግሹም ጎበዜ ታሪክ ቆም ብለን እንድናስብ ያደርገናል። ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ከሞቱ በኋላ፣ በ1860 ዓ.ም. ጎበዜ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነገሡ። አዲስ ስም፣ አዲስ ዘውድ ሆነላቸው። ሦስት ዓመት እንደ ገዙ፣ በሐምሌ 1863 ዓ.ም. ዐድዋ አጠገብ በተደረገው ውጊያ በደጃዝማች ካሣ ምርጫ ጦር ድል ሆኑና ተማረኩ። ካሣ ደግሞ በጥር 1864 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ ተብለው ዘውድ ጫኑ። አንድ ሰው በሦስት ዓመት ውስጥ ዋግሹም፣ ንጉሠ ነገሥትና እስረኛ ሆነ። ከሦስቱ የትኛው ነበር እውነተኛው ሰው?

እኛ ዘውድ የጫንን ሰዎች አይደለንም፤ ነገር ግን ከሹመታችን ጋር ተጣብቀን ማንነታችንን እዚያው ያሰርን ብዙዎች ነን። «ዶክተር»፣ «ኢንጂነር»፣ «ሥራ አስኪያጅ»፣ «ፓስተር» መባል ይጣፍጣል። ጡረታ ሲደርስ ወይም ሥራው ሲቋረጥ ስልኩ መጮኹን ያቆማል፤ የሚጠይቅ ይጠፋል። ያን ጊዜ ብዙ አባቶች በቤታቸው ውስጥ ዝም ይላሉ፤ ሚስትና ልጆች ዝምታውን እንደ ቊጣ ይቆጥሩታል። በእውነቱ ግን ሰውየው ከወንበሩ ጋር ራሱን የጣለ መስሎት እየፈለገ ነው።

ሐዋርያው ጳውሎስም የሚኮራበት ዝርዝር ነበረው፦ ነገዱ፣ ትውልዱ፣ ትምህርቱ፣ በሕግ ያለው ትጋት። ክርስቶስን ካወቀ በኋላ ግን ያንን ሁሉ እንደ ጉዳት ቆጠረው፤ የፈለገው በክርስቶስ መገኘትን ነው (ፊል. 3፥4-9)። ለቆላስይስ ሰዎችም ሕይወታቸው ከክርስቶስ ጋር በእግዚአብሔር እንደ ተሰወረ ጻፈላቸው (ቆላ. 3፥3)። በእግዚአብሔር የተሰወረውን ሕይወት ሿሚ አይሰጠውም፤ ሻሪም አይወስደውም።

ዋግ ሌላም ሰው አለው። ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ የዋግሹሞች ልጅ ነበሩ፤ በጣሊያን ወረራ ዘመን በአርበኝነት ተዋግተው በመስከረም 1930 ዓ.ም. ተገደሉ። ጠላት አንገታቸውን ቆርጦ ለሕዝብ ማስፈራሪያ አደረገው። ሥጋን በማዋረድ ሰውየውን ከነስሙ ማጥፋት የሚቻል መስሎት ነበር። ጌታ ኢየሱስ ግን ሥጋን ከመግደል በቀር ነፍስን መግደል የማይችሉትን እንዳንፈራ አስተምሮናል (ማቴ. 10፥28)። ገዳይ የማይደርስበት የሰው ክፍል አለ።

በዋሻ ውስጥ ያሉት

ወደ ዋግ በሚወስደው መንገድ አጠገብ፣ በላስታ ተራራ ሥር፣ ይምርሐነ ክርስቶስ የሚባለው ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን አለ። ከላሊበላ አስቀድሞ በነበረ የዛጉዌ ንጉሥ ስም የሚጠራ ሲሆን፣ በትልቅ ዋሻ ውስጥ በእንጨትና በድንጋይ ረድፍ የታነጸ ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ በጨለማው ውስጥ ብዙ የሰው ዐፅም ተኝቶ ይታያል። ከሰቆጣ ከተማ ጥቂት ወጣ ብሎም ከአለት የተፈለፈለው ውቅር መስቀለ ክርስቶስ ይገኛል። በዚያ ደግሞ የቀድሞ ዋግሹሞች እንደ ሆነ የሚነገርለት፣ ሳይፈርስ የደረቀ አስከሬን በሣጥን ተቀምጦ ቆይቷል።

በእነዚህ ሥፍራዎች የቆመ ሰው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ቆዳው በአጥንቱ ላይ ደርቋል፤ የእጅ ጣቶቹ ይቈጠራሉ። ቅርጹ አልጠፋም፤ ሰውየው ግን የለም። ሥጋን ጠብቆ ማቆየትና ሰውን ጠብቆ ማቆየት እንደሚለያዩ እዚያ ቆሞ ለመረዳት ሊቅ መሆን አያስፈልግም።

ታዲያ ሥጋችን ምንም አይደለም እንበል? አንልም። ክርስትና ነፍስ ከሥጋ እስር ቤት አምልጣ ትቀራለች ብሎ አያስተምርም፤ ተስፋችን የሥጋ ትንሣኤ ነው። ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ይህን ሲያስረዳ የገበሬን ምሳሌ ወሰደ። የሚዘራው ቅንጣት ነው፤ የሚበቅለው ሌላ መልክ አለው፤ ነገር ግን ከዚያው ዘር የበቀለ ነው (1ቆሮ. 15፥35-44)። የዋግ ገበሬ ይህን ከማንም ይልቅ ያውቀዋል። በጭብጡ የያዘው የማሽላ ዘርና በኅዳር ከራሱ በላይ ቆሞ የሚያየው አገዳ በመልክ ምንም አይገናኙም። «ይህ የዘራሁት ነው» ሲል ግን አይሳሳትም።

የጌታችን ትንሣኤም ይህንኑ ያሳያል። መግደላዊት ማርያም በአትክልቱ ስፍራ አይታው አላወቀችውም፤ አትክልተኛ መሰላት። ያወቀችው በስሟ ሲጠራት ነው (ዮሐ. 20፥14-16)። ለደቀ መዛሙርቱም በተገለጠ ጊዜ እጆቹንና ጎኑን አሳያቸው። አካሉ ከሞት ኃይል ያለፈ የክብር አካል ነው፤ የችንካሩ ምልክት ግን አለበት። የተነሣው ሌላ ሰው አይደለም፤ የተሰቀለው እርሱ ነው። እኛም ስንነሣ እግዚአብሔር ሌላ ሰው ፈጥሮ በስማችን አይጠራውም። ያለፍንበት መከራ ሳይረሳ፣ የዘላለምን ክብር ለብሰን፣ እኛው ራሳችን እንነሣለን።

ሰቆጣ የሚባል ስም

የሰው ስም እንደሚለወጥ የአገርም ስም ትርጉሙ ይለወጣል። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ጊዜ የዋግ ሕዝብ ክፉኛ ተጎድቶ ነበር፤ ብዙዎች ልጆቻቸውን አዝለው እርዳታ ፍለጋ ወደ ኮረም በእግራቸው ተጓዙ፤ በመንገድ የቀሩም ብዙ ናቸው። ከዚያ በኋላ ለረጅም ዘመን ሰቆጣ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ረሃብን ነበር። በሐምሌ 2007 ዓ.ም. መንግሥት በሕፃናት ላይ የሚደርሰውን የምግብ እጥረት በ2030 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ለማስወገድ ቃል ሲገባ፣ ቃሉን «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ብሎ ጠራው። የረሃብ ምልክት የነበረው ስም የቃል ኪዳን መጠሪያ ሆነ።

በመጽሐፍ ቅዱስ ረሃብ ያፈናቀላት ኑኃሚን ወደ ቤተ ልሔም ስትመለስ ኑኃሚን ብለው እንዳይጠሯት፣ ይልቁንም ማራ እንዲሏት ጎረቤቶቿን ለመነች፤ ሕይወቷ መራራ ሆኖባት ነበርና (ሩት 1፥20)። የሚያስደንቀው፣ መጽሐፉ ይህን ልመናዋን ከመዘገበ በኋላ እንኳ አንድም ጊዜ ማራ ብሎ አይጠራትም። እስከ መጨረሻው ኑኃሚን ናት። ሐዘኗን አልካደባትም፤ ነገር ግን ሐዘኗን ስሟ አላደረገባትም።

ወገኖቼ፣ የደረሰብን ክፉ ነገር ታሪካችን ነው፤ ስማችን ግን አይደለም። «የተፈታች»፣ «የከሰረ»፣ «ሱሰኛ የነበረ»፣ «መካን» እየተባለ የሚጠራ ሰው በየሰፈራችን አለ። ራሱን በዚያ ስም የሚጠራም አለ። እግዚአብሔር በዚያ ስም አልጠራውም።

ሦስት ምስክሮች በፃግብጂ

ከሰቆጣ ወደ ሰሜን ስንወርድ ፃግብጂ እንደርሳለን። በፊት ከሰቆጣ ዙሪያ ጋር የነበረ፣ በቅርብ ዓመታት ራሱን የቻለ ወረዳ የሆነ፣ ከትግራይ ጋር የሚዋሰን አገር ነው። የወረዳው ከተማ ፃታ ትባላለች። ወንዞቹ ገደሉን ሰንጥቀው ወደ ተከዜ ይወርዳሉ። ፍየል በገደሉ ላይ እንደ ወፍ ይንጠለጠላል፤ እረኛው ከማዶ ሆኖ እያንዳንዷን በመልኳና በጠባይዋ ይለያታል። የዋግ ነጭ ማርም ከዚሁ ቁጥቋጦ አበባ የተቀሰመ ነው።

ጥቅምት 2013 ዓ.ም. የተጀመረው የሰሜኑ ጦርነት በዓመቱ መጨረሻ ወደ ዋግ ደረሰ። ከፃግብጂና ከአበርገሌ ብዙ ሕዝብ ተፈናቅሎ በሰቆጣ ከተማና ወለህ በተባለው ሥፍራ በመጠለያ ተቀመጠ። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ የሰላም ስምምነት ከተፈረመ በኋላ ብዙዎች ወደ ቀያቸው ተመለሱ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ድርቅ ተከተለባቸው። በጥቂት ዓመት ውስጥ ጦርነት፣ ስደትና ድርቅ የተፈራረቀባቸው ሕዝብ ናቸው።

ከተመለሱት አባቶች አንዱን በድንጋይ ካብ አጥር ሥር ተቀምጠው አገኘናቸው። ማር ቆርጠው አስቀረቡልንና ስለ ስደታቸው ሲያወጉን እንዲህ አሉ፦

«ልጄ፣ በሬ ቢሄድ በሬ ይተካል። እኔን የጨነቀኝ ወረቀቴ ነው። መታወቂያዬ፣ የመሬት ደብተሬ፣ የልጆቼ የክርስትና ካርድ ሁሉ ቤት ውስጥ ቀረ። መጠለያ ደርሼ ስመዘገብ ‹አንተ ማን ነህ? ማስረጃህ የታለ?› ተባልኩ። ዝም አልኩ። ስሜን ብናገር ማን ያምነኛል?»

«ታዲያ ምን አደረጉ፣ አባቴ?»

«ምን አደርጋለሁ፤ የአገሬ ሰዎች አደረጉልኝ እንጂ። ሦስት ሰው ተነሥቶ ‹እናውቀዋለን፤ የእገሌ ልጅ ነው፤ መሬቱ ከእገሌ ጋር ይዋሰናል› አሉ። ያን ጊዜ ተመዘገብኩ። ያን ጊዜ ሰው ሆንኩ።»

ይህን ንግግር ተሸክመን ተመለስን። እኚህ አባት ማንነታቸውን ያጡት ወረቀቱ ሲጠፋ አልነበረም፤ ያረጋገጡትም ስለ ራሳቸው በመናገር አልነበረም። የሚያውቋቸው ሰዎች ስለ መሰከሩላቸው ነው። «የማን ልጅ ነህ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ተገኘላቸው።

ዛሬ በአገራችን ፋይዳ የተባለው ብሔራዊ መታወቂያ እየተስፋፋ ነው። አዋጁ በ2015 ዓ.ም. ቁጥር 1284 ሆኖ ወጥቷል። የዐሥሩ ጣት አሻራ፣ የሁለቱ ዓይን ምስልና የፊት ፎቶ ይወሰድና ባለ 12 አኃዝ ቁጥር ይሰጣል። ወረቀት ቢቃጠል እንኳ ሰውየው በጣቱና በዓይኑ ይታወቃል። መልካም ነገር ነው፤ ለተፈናቀለ ሰው ደግሞ ትልቅ እፎይታ ነው። ሆኖም አሻራ በሥራ ብዛት ይፋቃል፤ ዓይንም በዕድሜ ይፈዛል። ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚቀር ምስክር ያስፈልገናል።

ያ ምስክር አለን። የእግዚአብሔር ልጆች መሆናችንን መንፈስ ራሱ ከመንፈሳችን ጋር ይመሰክራል (ሮሜ 8፥16)። ጳውሎስ የገላትያ ሰዎች እግዚአብሔርን እንዳወቁ ሲጽፍ ወዲያው ቃሉን አርሞ፣ ይልቁንም በእግዚአብሔር እንደ ታወቁ ይነግራቸዋል (ገላ. 4፥9)። እኛ እርሱን ማወቃችን ይደክማል፤ እርሱ እኛን ማወቁ ግን አይደክምም። መልካሙ እረኛ የራሱን በጎች በየስማቸው ይጠራቸዋል (ዮሐ. 10፥3)። የፃግብጂ እረኛ በገደል ማዶ ያለችውን ፍየል ካወቃት፣ እርሱማ እንዴት አብልጦ አያውቀን!

ስሞችን የረሱት እናት

በሰቆጣ ባረፍንበት ቤት የመርሳት ሕመም የያዛቸው አንዲት አረጋዊት እናት ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ አማርኛ ተናግረው ልጅ ያሳደጉ ናቸው። አሁን ግን አማርኛቸው ቀስ በቀስ ጠፍቶ በሕፃንነታቸው የሰሙት ኽምጣና ብቻ ቀርቷል። የልጅ ልጆቻቸው ቋንቋውን ስለማያውቁ የአያታቸውን ነገር እናታቸው ትተረጉምላቸዋለች። አረጋዊቷ በቀን ብዙ ጊዜ ልጃቸውን ትክ ብለው ያዩና ይጠይቋታል። ምን እንዳሉ ጠየቅናት።

«‹የማን ልጅ ነሽ?› ነው የምትለኝ» አለችን።

«አንቺስ ምን ትያታለሽ?»

«‹ያንቺ ነኝ፣ እማዬ› እላታለሁ። ትስቃለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ ትጠይቀኛለች፤ ደግሜ እነግራታለሁ።»

ጆን ሎክ የተባለው የ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንግሊዛዊ ፈላስፋ የሰው ማንነት ትዝታው እስከ ደረሰበት ድረስ ይዘልቃል ብሎ አስተምሯል። እንደዚያ ከሆነ እኚህ እናት ከቤታቸው ወጥተዋል፤ ልጃቸው የምታጥበውና የምታጎርሰው ሌላ ሰው ነው ማለት ነው። ልጂቱ ግን አንድም ቀን እንዲህ አላሰበችም። እናቷ ናቸው። እናት መሆናቸው የሚያስታውሱት ነገር ሳይሆን የሆኑት ነገር ነው።

ከሎክ ከሺህ ዓመት በላይ ቀድሞ በሰሜን አፍሪካ የኖረው አውግስጢኖስ «ኑዛዜ» በተባለው መጽሐፉ ዐሥረኛ ክፍል የትዝታውን ጓዳ ሁሉ መርምሮ ነበር። ሰው ስለ ራሱ የማያውቀው ብዙ ነገር እንዳለ፣ ያን ሁሉ ግን የፈጠረው ጌታ እንደሚያውቀው ተረዳ። ጤነኞች ሳለን እንኳ ራሳችንን በሙሉ አንይዝም። ከማኅፀን የወጣንበትን ቀን ማን ያስታውሳል? እንቅልፍ ሲወስደን ራሳችንን የምንጠብቀው እኛ ነን? ዳዊት ገና ሳይሠራ አካሉን ያየ፣ ቀኖቹም አንድ ሳይሆኑ የጻፋቸው ጌታ እንዳለ አውቆ ነው የዘመረው (መዝ. 139፥16)።

ስለዚህ እግዚአብሔር በኢሳይያስ የሰጠው ተስፋ ለእንዲህ ዓይነት ቤቶች የከበረ ነው። ከማኅፀን ጀምሮ የተሸከማቸውን ሕዝብ እስከ ሽምግልናና እስከ ሽበት እንደሚሸከማቸው ቃል ገባ (ኢሳ. 46፥3-4)። እናት የጡት ልጇን ብትረሳ እንኳ እርሱ እንደማይረሳ፣ ሕዝቡንም በእጆቹ መዳፍ እንደ ቀረጸ ተናገረ (ኢሳ. 49፥15-16)። እናት ልጇን የምትረሳበት ቀን እንዳለ በዚህ ቤት በዓይናችን አየን። በዚያ ቀን እንኳ የማይረሳ አለ።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ጉዟችን ያስተማረን አንድ ነገር ነው። ቋንቋ፣ ሹመት፣ አካል፣ ወረቀትና ትዝታ ሁሉም ስጦታዎች ናቸው፤ አንዳቸውም ግን «እኔ»ን ተሸክመው እስከ መጨረሻ አይዘልቁም። «እኔ ማን ነኝ?» ለሚለው ጥያቄ ጽኑ መልስ የሚገኘው የዋግ ሽማግሌዎች አስቀድመው ከሚጠይቁት ጥያቄ ውስጥ ነው፦ የማን ነህ?

ጠፍቶ የተገኘውን ልጅ እናስታውስ። ገንዘቡን ጨርሶ፣ ወዳጆቹን አጥቶ፣ በእሪያዎች መካከል ሳለ ሊናገረው ያዘጋጀው ቃል ከእንግዲህ ልጅ ተብሎ ሊጠራ እንደማይገባው የሚናገር ነበር። አባቱ ግን ያን ቃል አስጨርሶ ሞያተኛ አላደረገውም፤ ልብስ አለበሰው፤ በቤቱ ሰዎች ሁሉ ፊትም ልጄ ብሎ ጠራው (ሉቃ. 15፥19-24)። ልጁ ራሱን ባጣ ጊዜ ልጅነቱን የጠበቀለት አባቱ ነው። ይህ አባት ዛሬም ይጠራል። ኢየሱስ ክርስቶስን ለተቀበሉት ሁሉ የእግዚአብሔር ልጆች ይሆኑ ዘንድ ሥልጣን ተሰጥቷቸዋልና (ዮሐ. 1፥12)፣ እስከ ዛሬ «የማን ነህ?» ለሚለው መልስ ያላገኘህ ወንድሜ፣ ያላገኘሽ እኅቴ፣ በሩ ክፍት ነው።

አምነን የታወቅን ደግሞ ሌሎችን የምናውቅ እንሁን። ለተፈናቀለ ጎረቤታችን «እናውቀዋለን» ብለን የምንቆም ምስክሮች እንሁን፤ ወረቀት የሌለው ሰው በቤተ ክርስቲያናችን ስም አጥቶ አይቀመጥ። ልጆቻችንን የአያቶቻቸውን ቋንቋ እናስተምር፤ የሌላውን ቋንቋም እንዲያከብሩ እናሳድግ። ጡረታ የወጡ አባቶቻችንን ከወንበራቸው ጋር አንሸኛቸው፤ ሄደን እንጠይቃቸው፤ ምክራቸውን እንስማ። የሚረሱ እናቶቻችንን «ረሳሽኝ እንዴ?» እያልን አናስጨንቃቸው፤ እጃቸውን ይዘን ያለ መሰልቸት «ያንቺ ነኝ» እንበላቸው። አጠገባቸው መዝሙር እንዘምር፤ ብዙ የረሳ ሰው እንኳ የቆየ ዝማሬ ሲሰማ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ይታያል።

ለዋግ ሕዝብ፣ ለፃግብጂና ለአበርገሌም እንጸልይ፤ ዝናቡ በጊዜው እንዲወርድ፣ ድንበሩ የሰላም መተላለፊያ እንዲሆን፣ የተመለሱት ዳግም እንዳይፈናቀሉ። ጌታ በስማቸው ያውቃቸዋል። እኛንም ያውቀናል። ድል ለነሣው ደግሞ ከተቀበለው በቀር ማንም የማያውቀው አዲስ ስም በነጭ ድንጋይ ላይ ተጽፎ እንደሚሰጠው ተስፋ ሰጥቷል (ራእ. 2፥17)። ያ ስም ሲነገረን እንግዳ አይሆንብንም፤ ገና ከማኅፀን ሳለን ጀምሮ ሲጠራን የኖረው አባታችን ያወጣልን ስም ነውና።

ጌታ ቤተሰባችሁን ይባርክ።